የስዋሚጂ ቀኝ እጅ

ሂንዱው መነኩሴ ስዋሚጂ መሞታቸውን የነገረኝ ቤቱ ያስጠጋቸው ኪርቲባይ ነው። ለንደን፣ ኪልበርን ውስጥ አንድ የአየርላንድ ሽማግሌ ጢም እየላጨሁ ሳለ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ደጋግሞ ነዘረ። ሥራዬን ጨርሼ ውጭ ወጣሁና መልሼ ደወልኩ። «ዛሬ ጠዋት ሄዱ» አለኝ። «እንደተቀመጡ ነው የሄዱት፤ ደስ ሊልህ ይገባል።» ደስ አላለኝም። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆሜ ሁለት አውቶቡስ አሳለፍኩ።

በእነሱ ሥርዓት ከተቆጠረ ይህ ሁለተኛ ሞታቸው ነው። የመጀመሪያውን በሃያ ስድስት ዓመታቸው፣ አገራቸው ሕንድ፣ አንድ ወንዝ ዳር ራሳቸው አስፈጽመውታል። አንድ ሂንዱ ሊመንን ሲነሳ የራሱን ተዝካር ራሱ ያወጣል። ስሙን፣ ዘመዶቹን፣ ንብረቱን፣ ምግብ የሚያበስልበትን እሳት ሳይቀር ትቶ ይሄዳል። ይህን ሲያጫውቱኝ «የእኛም መነኮሳት ሲመነኩሱ በቁማቸው ፍትሐት ይደረግላቸዋል» አልኳቸው። እኔ ጴንጤ ከሆንኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ያደግሁት ግን ጎጃም፣ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ነው። ስዋሚጂ የግራ ጆሯቸውን ጫፍ በሁለት ጣት አሻሹ። ደስ ሲላቸው የሚያሳዩት ምልክት ይህ ብቻ ነበር። «እንግዲያው ከማን ጋር እንደምታወራ ገብቶሃል» አሉኝ። «ከሞተ ሰው ጋር ነው። የሞተ ሰው ደግሞ አይቸኩልም።»

ስለ እሳቸው ሳወራ ስለ አንድ ጥፋቴም ማውራቴ የግድ ነው። ደርሼ እስክናገረው ታገሡኝ።

እኔ ኬረር ነኝ። ቤት ለቤት እየዞርኩ አቅም ያነሳቸውን ሰዎች አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒት አስታውሳለሁ። ስዋሚጂን ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን መትቷቸው ከሆስፒታል ሲወጡ ኤጀንሲው መጀመሪያ የላከው አንዲት ጋናዊትን ነበር። ገና ስትገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀመጡ። ምን አጠፋሁ ብላ አልቅሳ ወጣች አሉ። ምንም አላጠፋችም፤ የመነነ ወንድን ሴት እንድትነካው ሥርዓታቸው አይፈቅድም። ይህን ግን ፎርሙ ላይ የጻፈ ሰው አልነበረም። በነጋታው እኔ ተላክሁ። ስዋሚጂ ከሰላምታ ቀጥሎ ያሉኝ ነገር «ያቺን እህት አስቀይሜያታለሁ፤ ይቅር እንድትለኝ ንገርልኝ» ነው። ሰው ሲለምኑ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

የኪርቲባይ ቤት ዌምብሊ ነው። ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ዕድሜው ከእኔ ጋር ተቀራራቢ ነው። በስሙ ላይ ያለችው «ባይ» በቋንቋቸው ወንድም ማለት ናት፤ እኔንም ብዙም ሳይቆዩ «ተስፋባይ» ብለው ጠሩኝ። ለስዋሚጂ ፎቅ ላይ ትልቅ መኝታ ቤት ሰጥቷቸው ነበር፤ እንቢ አሉ። ስለዚህ ጋራዡን ግድግዳና ወለል አሠርቶ አስገባቸው። መኪናው ውጭ ያድራል፣ መነኩሴው ጋራዥ። ከዕቃ አንድ ዝቅ ያለ አልጋ፣ አንድ የመዳብ ገንቦ፣ ሁለት ብርቱካንማ ጨርቅ፣ አንድ በትር። አበቃ። ዕቃ ሲበዛባቸው የሚጨነቁ ብዙ ደንበኞች አሉኝ፤ እንደ እሳቸው ቤት ግን ለመጥረግ የሚቀል ቤት አላየሁም።

የመጀመሪያው ሳምንት ብርድ ነበር። ጠዋት ስገባ ብርድ ልብስ ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ። ማሞቂያው አጠገባቸው ነው፤ ማብሪያው ግራ እጃቸው የሚደርስበት ቦታ ነው።

«ስዋሚጂ፣ ለምን አያበሩትም?»

«እሳት ነው። እሳትን ትቻለሁ።»

«ኤሌክትሪክ እኮ ነው!»

«ይሞቃል አይደል?»

«ታዲያ እኔ ላብራልዎት?»

ዝም አሉ። ደግሜ ጠየቅሁ፤ ዝም። ለካስ «አዎ» ካሉኝ እሳት አስለኮሱ ማለት ነው። የመነነ ሰው ሳይለምን የተሰጠውን ይቀበላል እንጂ አድርጉልኝ አይልም። ነገሩ ሲገባኝ ምንም ሳልናገር ሄጄ አበራሁት። ጆሯቸውን አሻሹ።

የኤጀንሲው ፎርም ላይ «ደንበኛው ዛሬ የሚፈልጉት» የሚል ሳጥን አለ። በየቀኑ መሞላት አለበት። ሻይ ይፈልጋሉ? እንደፈለግህ። ላጥብዎት? እንደፈለግህ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አናደዱኝ፤ ሆን ብለው የሚያበሽቁኝ ሁሉ መስሎኝ ነበር። በኋላ መጠየቅ ትቼ ማየት ጀመርኩ። ከንፈራቸው ሲደርቅ ውሃ፣ ትከሻቸው ሲከብድ ማሸት። አሥራ አራት ዓመት በዚህ ሥራ ስቆይ ሰውን ማየት ያስተማሩኝ ምንም የማይጠይቁት ሰውዬ ናቸው።

አሁን እሳቸው ማን እንደነበሩ ልናገር።

ስዋሚጂ አርባ ምዕራፍ በቃላቸው ይዘዋል። ቬዳ የሚባለው የሂንዱዎች የጥንት ጸሎት አንዱ ክፍል ነው። ከስምንት ዓመታቸው ጀምሮ ከመምህራቸው አፍ ተቀብለውታል፤ መምህራቸው ከመምህራቸው፣ እንዲያ እያለ ወደ ኋላ። ታትሞ በመጽሐፍ ወጥቷል፣ በስልክም ይገኛል። «ታዲያ ምን አደከመዎት?» ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ።

«ስልኩ ስሳሳት ያርመኛል?» አሉኝ።

«አያርምም።»

«መጽሐፉስ?»

«እሱም አያርምም።»

«እኔ የምጠብቀው ቃሉን አይደለም፤ እርማቱን ነው።»

ቃሉ ሲደገም ድምፁ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ዘንበል ይላል። ያንን ቀኝ እጅ እየተከተለ ያሳያል፦ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን። መምህሩ ተማሪው ፊት ተቀምጦ በእጁ ይመራዋል። ተማሪው ሲሳሳት አይቆጣም፤ እጁ ብቻ ባለችበት ትቆማለች። ተማሪው ተመልሶ እስኪያቀናት ድረስ አትንቀሳቀስም። ስዋሚጂ ለንደን የመጡት ይህን ለማስተማር ነው። ሰው ሰርግ እንዲባርኩለት፣ ኮከብ እንዲያዩለት ይመጣል፤ «ለዚያ ካህናት አሉላችሁ» ብለው ይሸኙታል። ለመማር የጀመሩት ብዙ ነበሩ አሉ። የቀረው ኒሌሽ ብቻ ነው። ኒሌሽ የአርባ ዓመት ሰው ነው፤ ኤሌክትሪሺያን፣ የሦስት ልጆች አባት። በሳምንት ሦስት ቀን ቫኑን በር ላይ አቁሞ፣ የሥራ ጫማውን አውልቆ ይገባል። ዘጠኝ ዓመት ተምሮ ሠላሳ አንድ ምዕራፍ ሲደርስ ነው ስትሮኩ የመጣው።

ምላሳቸው ትንሽ ከመዘግየቱ በቀር ደህና ነበር። እጃቸው ግን ሞተ። ኒሌሽ በግራ እጅዎ ይምሩኝ ብሎ ለመነ። የማይሆን ነው። በግራ እጅ ንጹሕ ነገር አይሠራም፤ እኛም በግራ አንጎርስም። ኪርቲባይ ቀኝ እጃቸውን ይዞ ለማንቀሳቀስ ሞከረ። እሱ ደግሞ ከልጅነቱ የሚሰማው ነገር ስለሆነ ይቀድማቸዋል፤ ሳይነግሩት ይወስዳል። ሁለት ቀን ታግለው ተዉት። ትምህርቱ ቆመ።

እኔ በበኩሌ ፊዚዮቴራፒስቷ በሰጠችን ወረቀት መሠረት በየዕለቱ እጃቸውን አሠራ ነበር። ወደ ላይ አሥር ጊዜ፣ ወደ ታች አሥር ጊዜ፣ ወደ ጎን አሥር ጊዜ። አንድ ቀን እንዲህ ሳደርግ ኒሌሽ ፍራፍሬ ይዞ ገባ። በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ መድገም ጀመረ። የኔ ስፖርት ከሱ ጸሎት ጋር እንደማይገጥም ግልጽ ነው፤ ስዋሚጂ ግን እጃቸውን አየት፣ እኔን አየት አደረጉ።

«ይህ ሰው ምንም አያውቅም» አለ ኒሌሽ በደስታ። እንዲህ ተብዬ ተመስግኜ አላውቅም።

«ያልተማረ እጅ ጥሩ ነው» አሉ ስዋሚጂ። «አይቀድመኝም።»

እኔ ግን ደነገጥሁ። «ክርስቲያን ነኝ» አልኳቸው። «በሌላ አምላክ ጸሎት ውስጥ አልገባም።»

«አፍህን የጠየቀህ የለም» አለ ኒሌሽ። ስዋሚጂ በዓይናቸው ገሠጹት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ቤትህ ሄደህ ከሚስትህ ጋር ተነጋገር» አሉኝ። «ልብህ እያመነታ እጅህ ቢመጣ አልፈልገውም።»

አልማዝ በቶተንሃሙ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን መሪ ናት። ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። «ለጣዖት እጅህን ልታውስ ነው?» አለችኝ። ለሽማግሌው ነው የማውሰው አልኳት። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን ቁርስ እያቀረበች «አፍህን አትክፈት፤ አትስገድ፤ የቀረውን እግዚአብሔር ያውቃል» አለችኝ። ያን ያህል ከፈቀደች ብዙ ነው።

እንዲህ ተደረገ። እኔ በቀኛቸው እቀመጣለሁ። የሞተውን ቀኝ እጃቸውን በእጄ እይዛለሁ። ግራ እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው ክንዴ ላይ ያሳርፋሉ፤ በአውራ ጣታቸው ጫን ሲያደርጉኝ ወደ ላይ፣ በሌሎቹ ሲጫኑኝ ወደ ታች፣ ሲገፉኝ ወደ ጎን፣ መጫኑን ሲያቆሙ ማቆም። ግራቸው ለኔ ይነግረኛል፣ እኔ ለቀኛቸው እነግራለሁ፣ ቀኛቸው ለኒሌሽ ይነግረዋል። በመጀመሪያው ቀን ሦስታችንም በላብ ተጠመቅን። በወሩ ግን ሳላስበው ይሄድልኝ ጀመር። ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሦስት፣ ሠላሳ አራት። የአንዱም ቃል ትርጉም አይገባኝም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደዚያ እሄዳለሁ። ዌምብሊ ስታዲየም ጨዋታ ባለ ዕለት በጋራዡ በር በኩል ሕዝብ እየዘፈነ ያልፋል። ኒሌሽ ይበሳጫል፤ ስዋሚጂ ትምህርቱን አቁመው ያዳምጣሉ። «አንዳቸውም መጽሐፍ አልያዙም» ይላሉ። «ጎበዝ ተማሪዎች ናቸው።» ከዚያ ጨምረው፦ «ለመሆኑ ሲሳሳቱ የሚያርማቸው ማን ነው?» ይሄ ጥያቄ የምር ያሳስባቸው ነበር።

ኒሌሽ ምዕራፍ ሲጨርስ «ያዝኩት?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ገና ነው። ሌላ ሰው ሲይዘው ያኔ ያዝከው።»

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ።

ሠላሳ ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ነበርን፤ ማክሰኞ አመሻሽ። ሐኪሙ መድኃኒት ቀይሮላቸው ስዋሚጂን እንቅልፍ እንቅልፍ ይላቸዋል። ኒሌሽ ከጠዋት ጀምሮ ጣራ ሥር ሽቦ ሲጎትት ውሎ ነው የመጣው፤ ፀጉሩ ላይ አቧራው አልረገፈም። ስዋሚጂ አንድ ስንኝ ሰጡት፣ እሱ እየደገመ ሳለ ክንዴ ላይ ያለችው ግራ እጃቸው ቀለለች። ዞር ብዬ ሳይ ዓይናቸው ተከድኗል። ኒሌሽ አላየም፤ እሱ የሚያየው እጅን ነው። አንድ ቃል ላይ ሲደርስ ተጠራጠረና ድምፁን አንጠልጥሎ ቆመ። እጅ እስክትነግረው ይጠብቃል።

ማለት የነበረብኝ «ተኝተዋል፤ ለነገ ይቆይ» ነው። ቀላል ነበር። ነገር ግን ሰውየው አንጀቴን በላው። ደግሞ ልዋሽ አልችልም፣ ልቤ አብጦ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ይዤው የኖርኩት እጅ ነው፤ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ወደ ጎን እንደሚሄድ የማውቅ መሰለኝ። ወደ ጎን ወሰድኩት። ኒሌሽ ፊቱ በራ፣ ድምፁን አዘንብሎ አለፈ። ሦስት ጊዜ ደገመው፤ ሦስት ጊዜ ወደ ጎን ወሰድኩለት። ስዋሚጂ ነቁ፣ ትምህርቱ ቀጠለ። ማንም አላወቀም።

እሑድ ክለሳ ነው። ኒሌሽ ምዕራፉን ከመጀመሪያው እየወረደ እዚያች ቦታ ሲደርስ ድምፁን አዘነበለ። ክንዴ ላይ ያለችው እጅ ቀጥ አለች። እኔም አቆምኩ። ኒሌሽ ተመልሶ ደገመው፤ አሁንም ወደ ጎን።

«ይህን ከየት አመጣኸው?» አሉት።

«ከእርስዎ፣ ስዋሚጂ። ማክሰኞ። ተጠራጥሬ ስቆም እጅዎ ሦስት ጊዜ ወደ ጎን ሄዷል።»

ስዋሚጂ በእጄ ላይ የተጋደመችውን እጃቸውን ብዙ አዩአት። ወደ እኔ አላዩም። እኔ የማልቀድማቸው እጅ ነበርኩ፤ እኔን መጠርጠር አልመጣላቸውም። «እንግዲያው ሰጥቼሃለሁ ማለት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ጀመረኝ።»

ምን እንደጀመራቸው ሁላችንም ገባን። ሐኪሙ ሌላ ስትሮክ የማስታወስ ችሎታቸውን ሊነካ እንደሚችል ነግሯቸው ነበር። ኒሌሽን በዚያው «ከዛሬ ጀምሮ አትምጣ» አሉት። «ቀዳዳ ባለው ዕቃ ሰው ውሃ አይቀዳም። ሕንድ ሄደህ ሌላ መምህር ፈልግ።» ሦስት ልጅና የቤት ዕዳ ያለው ሰው ወዴት ይሄዳል? ሠላሳ ሰባተኛውን ጨምሮ አራት ምዕራፍ ቀርቶታል፤ የያዘውም ራሱ ታምኖ የማይሰጥ ሆነበት፤ እጃቸው መሳሳት የጀመረችው መቼ እንደሆነ ማን ያውቃል? ስወጣ ቫኑ ውስጥ መሪው ላይ ተደፍቶ አየሁት። በመስኮቱ በኩል አልፌ ሄድኩ።

በዚያች ደቂቃ መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። ኤጀንሲው ቢሰማስ አልኩ፤ ከሥራ ቢያስወጡኝስ አልኩ። ይህ ሁሉ ሰበብ ነው። አፍሬ ነው።

በነጋታው ጠዋት ስገባ ጋራዡ ጸጥ ብሏል። ስዋሚጂ ሁልጊዜ ገና ሳልገባ ድምፃቸው በር ላይ ይቀበለኝ ነበር፤ ለራሳቸው ይደግማሉ። አሁን ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ ተቀምጠዋል። በቀን አንዴ የሚበሉትን ምግብ ኪርቲባይ አቅርቦላቸው እንዳለ ተመለሰ። በማግስቱም እንዲሁ። ውሃ ስሰጣቸው ይጠጣሉ፤ ስለሰጠኋቸው እንጂ ስለጠማቸው አይመስለኝም። ፎርሙ ላይ «ደንበኛው ደህና ናቸው» ብዬ ጻፍኩ። ስድስት ቀን እንዲህ ጻፍኩ።

አልማዝ ቅዳሜ ራት ላይ «ምን ሆነሃል? ከሰኞ ጀምሮ እኮ ሰው አልሆንክም» አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። እሰይ፣ ብዬህ ነበር ትለኛለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ሽማግሌው ጭንቅላታቸው የተበላሸ መስሏቸው ተቀምጠዋል?»

«አዎ።»

«ስድስት ቀን?»

«አዎ።»

«ተስፋዬ፣ እግዚአብሔርን ፍራ! የፈለጉትን ያምልኩ፣ የሰው አባት ናቸው። ነገ ቤተ ክርስቲያን እንዳላይህ። መጀመሪያ እዚያ ሂድ።»

እሑድ ጠዋት ሄድኩ። ማሞቂያውን አበራሁ። ፊታቸው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፣ ኒሌሽ የሚቀመጥባት ቦታ።

«ስዋሚጂ፣ ያ ወደ ጎን የሄደው የእርስዎ አልነበረም። ተኝተው ነበር። የኔ ነበር።»

ያልሰሙኝ መሰለኝ። ደግሜ ልናገር ስል ግራ እጃቸውን አነሱ። ቀኝ እጃቸውን በዓይናቸው አመለከቱኝ። ያዝኩት። እንዴት እንዳደረግሁ አሳየኋቸው፤ ወደ ጎን። ያን ጊዜ ስድስት ቀን የተዘጋው ድምፃቸው ተከፈተ። ያንን ስንኝ ከላይ ጀምረው ወረዱ፤ እዚያች ቃል ሲደርሱ ክንዴን በአራት ጣታቸው ጫኑኝ። ወደ ታች። ሳይቆሙ ቀጠሉ፤ ምዕራፉን አንድ ሳያዛንፉ እስከ መጨረሻው ዘለቁት። ሲጨርሱ እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል፣ እጃቸው ጆሯቸውን ታሻሻለች። የሰውን ስህተት ሰምቶ እንዲህ ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም።

ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆረ። ተቆጥተው ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

«እጅህ ቀደመኝ። እሱን ይቅር ብያለሁ፤ አዝነህ ነው። ስድስት ቀን ስሞት እያየህ ውሃ ስትሰጠኝ ግን እጅህ አልነበረም። አንተ ነህ።»

አንገቴን ደፋሁ።

«ስድስት ቀን ወስደህብኛል፤ ስድስት ቀን ትመልሳለህ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ባሉት ስድስት ጠዋቶች ከሥራ ሰዓቴ በፊት እየመጣሁ ሠላሳ ሰባተኛውን ምዕራፍ እሳቸው ሲደግሙ እጃቸውን ያዝኩ። እዚያች ቃል ላይ ሲደርሱ በየቀኑ ክንዴን አጥብቀው ይጫኑኛል፤ አንዳንዴ ያመኛል። ወደ ታች። ሲያልፉ «የማን ናት?» ይሉኛል። «የእርስዎ» እላለሁ። በስድስተኛው ቀን ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «የኔም አይደለችም» አሉ። «እኔም ተሰጥቶኝ ነው።»

ኒሌሽ የዚያኑ ዕለት ነበር የተጠራው። እውነቱን ራሴ ነገርኩት። በቡጢ የሚለኝ መስሎኝ ነበር፤ አንገቴን አቅፎ አለቀሰ። ቀሪዎቹን ምዕራፎች በዘጠኝ ወር ጨረሰ። ያቺ ቃል ግን አስቸገረችው። መጀመሪያ ወደ ጎን የገባች ነገር ወደ ታች ብትመለስም ጠባሳዋ ቀረ፤ እዚያ ሲደርስ ሁልጊዜ ትንሽ ይደናቀፋል። ስዋሚጂ እጃቸውን አቁመው ይጠብቁታል።

ከዚያ ለስዋሚጂ የተመደበው ሰዓት ተቀነሰና ኤጀንሲው ወደ ኪልበርን አዛወረኝ። በወር አንድ ሁለቴ እየሄድኩ እጃቸውን አሠራላቸው ነበር፤ ያለ ፎርም።

እንደ ሥርዓታቸው መነኩሴ ሲሞት እንደ ሌላው ሂንዱ አይቃጠልም፤ እሳትን ትቷልና ይቀበራል፣ ያውም ተቀምጦ። እዚህ አገር መቃብር የሚቆፈረው ለተኛ ሰው ነው። ይህን በሕይወት ሳሉ ኪርቲባይ በጭንቀት አንስቶባቸው «ተኝቼም ቢሆን እሄዳለሁ» ብለውታል። ተኝተው ሄዱ። ከሞቱ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ሰዉ ሁሉ ለመታሰቢያቸው ዌምብሊ አንድ አዳራሽ ተሰበሰበ።

አልማዝ አብራኝ መጣች። «ለቅሶ ለቅሶ ነው» አለች። ነጠላዋን ለብሳ፣ ጫማዋን እንደ ሌላው ሰው በር ላይ አውልቃ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ። ኒሌሽ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ተቀምጦ መድገም ጀመረ። ቀኝ እጁ ከድምፁ ጋር ትሄዳለች። ከአጠገቡ ሁለት ልጆቹና ሌሎች ሁለት ጎልማሶች እጁን እየተመለከቱ በእጃቸው ይከተሉታል፤ ማስተማር ጀምሯል ማለት ነው።

ሠላሳ ሰባተኛው ደረሰ። ቃሉን ባላውቀውም ድምፁ የት እንደደረሰ አውቃለሁ። እዚያች ቦታ ሲመጣ የኒሌሽ እጅ አየር ላይ ቆመች። ድምፁ ተንጠለጠለ። አዳራሹ ሐዘን የያዘው መስሎት ዝም ብሎ ይጠብቀዋል። አንዲት አሮጊት እንባዋን ጠረገች። ኒሌሽ ግን ዓይኑን አንስቶ ሰዉን እያለፈ ከኋላ እኔን ፈለገኝ።

ክንዴ ላይ የሚጫነኝ እጅ አልነበረም። ያልተነገረኝን ዳግመኛ ላላንቀሳቅስ ለራሴ ምዬ ነበር። ሆኖም በስድስቱ ጠዋት ያመመኝ ቦታ፣ እዚያው ክንዴ ላይ፣ እንደገና አመመኝ። ቀኝ እጄን ከጉልበቴ አነሳሁና ወደ ታች አወረድኳት።

የኒሌሽ እጅ ወረደች። የልጆቹም ወረደች። ድምፁ ቀጠለ።

ውጭ ስንወጣ አልማዝ ጫማዋን እያጠለቀች ቀና ብላ አየችኝ።

«ለሰውየው በእጅህ የሰጠኸው ምንድን ነው?»

«የኔ አይደለም» አልኳት።